የፀጉር አስተካካዩ ማስክ

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ማስኩን በፈላ ውሃና በሳሙና ሳጥብለት፣ ሳፋው ውስጥ ቁርጥራጭ ፀጉር ይቀር ነበር።

«የሰፈሩን ፀጉር ሁሉ ተሸክመህብኝ መጣህ!» እያልኩ እስቅበት ነበር።

ወረርሽኙ እሱን ከነጠቀኝ ወር አለፈ። ፀጉር ቤቱም ተዘግቷል። ማስኩን ግን ከእኔና ከልጃችን ማስክ መለየት አንጀቴ አልቻለም፤ እስከ ዛሬ አብሬ አጥበዋለሁ።

ትናንት ሳፋው ውስጥ ሽበት አገኘሁ። በዚያው ዕለት ጠዋት የቀበርናቸውን አዛውንት ጎረቤታችንን አስታወሰኝ፤ ቶሎ ብዬ ደፋሁት።

ዛሬ ደግሞ ለስላሳ፣ ጥቅልል ያለ የልጅ ፀጉር ቀረ።

ቆሜ ሳየው፣ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት የያዛት ልጄ ከመኝታ ቤት ተጣራች።

«እማዬ፣ አባዬ ፀጉሬን አስተካከለልኝ፤ ነይ እዪኝ!»