ሳይነካን ያለፈው ማዕበል

ትርሲት በአባቷ ልቅሶ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል እንጂ ዓይኗን አያያትም። ሥራዋ የፀሐይ ማዕበልን፣ ከፀሐይ ፈንድቶ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያቃጥለውን ኃይል፣ መተንበይ ነው። እሷ ማስጠንቀቂያ ስታጸድቅ፣ ትራንስፎርመሮቹ እንዳይቃጠሉ በአገር ሙሉ መብራት ይጠፋል። የማንም ቤት አይለይም፤ አስቀድሞ ለሰው መናገርም ያሳስራል። ባለፈው ሳምንት አጸደቀች። የአባቷ የኦክስጅን ማሽን ባትሪው እስኪያልቅ ሠርቶ ቆመ። ማዕበሉ ግን ምድርን ሳይነካ አለፈ።

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ አላናገረቻትም። ማሽኑንም ለጎረቤታቸው ለሙሉነሽ ሰጥታዋለች፤ የሙሉነሽ ሕፃን ሳምባዋ ደካማ ነው። ባትሪው ከዚያ ወዲህ ቻርጅ ስለማይዝ፣ ማሽኑ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሲያጉረመርም በግድግዳው በኩል ይሰማል።

የትርሲት ስልክ ጠራ። ባልደረባዋ ምንተስኖት ነው።

«በሐዘንሽ ላይ ይቅርታ። ፀሐይ እንደገና ፈንድታለች፤ ማስጠንቀቂያው እንዲጸድቅ ያንቺ የጣት አሻራ ያስፈልጋል።»

«ይመታናል?»

«እኔ እንጃ። ያለፈውንም ይመታናል ብለን ነበር። ከመታን ግን አገሩ ለዓመታት ጨለማ ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ልጇ ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ፊት ይዛ ነበር ከአባቷ ጋር እራት የበላችው።

«ደግሞ ልታጠፊው ነው?»

ትርሲት ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች።

መብራቱ ድርግም አለ። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ቀጥ አለ፤ ወዲያው ሙሉነሽ ጮኸች።

እናቷ ብድግ ብላ ወደ ጎረቤት ወጣች። ጥቁር እንደለበሰች ስለነበረች ልብስ መቀየር አላስፈለጋትም።