አረንጓዴው ቀሚስ

ከቤት አትውጡ የሚለው አዋጅ በተነሣ ማግስት፣ ልብስ ሻጯ የድሮ ደንበኛዋን ከመንገድ ጎትታ አስገባቻት። አረንጓዴ ቀሚስ ደረቷ ላይ ለጥፋም መስታወት ፊት አቆመቻት።

«ጠፋሽ እኮ! ላንቺ ብዬ የደበቅኩት ነው። እምቢ ካልሽኝ እቀየማለሁ።»

የሴትዮዋ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ከዚህ ሱቅ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። ዚፑን እንደያዘች ቆየችና ለቀቀችው።

«አልገዛም» አለች፤ ድምጿ ለራሷም አዲስ ሆነባት።

«ቤት መዋል ቆንቋና አደረገሽ በይኛ!» ብላ ሻጯ ሳቀች። ወዲያው ግን ሴትዮዋ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። «ለካ ሌላ ቤት ለምደሻል! ይሄንን ከማን ገዛሽው?»

«ካንቺ! ዋጋው እንደተንጠለጠለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ረስቼው፣ ቤት ስውል ነው ያገኘሁት። እንደሱ ያልተለበሰ ገና ሞልቶኛል።»

አረንጓዴውን ቀሚስ በገዛ እጇ መስቀያው ላይ መልሳ ሰቀለችና ወጣች።