አንተ በይኝ

ዘንድሮ የኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት አንድን ሰው እንዴት ብሎ ከጠራው፣ አገሩ ሁሉ ወደደም ጠላም ከአፉ የሚወጣለት እንደዚያው ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ የሚኒስትሩን የአቶ ይርዳውን ገጽ ማሳመር ነው።

ሰኞ ዕለት «እሱ» የሚለውን ሁሉ «እሳቸው» አደረግሁት። ተቃዋሚዎቻቸው «ገለልተኝነት ይጠበቅ!» ብለው ወደ «እሱ» መለሱት። እኔም መልሼ ቀየርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሚኒስትሩን የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ «ይግቡ ጌታዬ» ብሎ ሳይጨርስ «ፍጠን እንጂ፣ አንተ!» ሲላቸው ሰነበተ። ሳቄን የማፍነው በመከራ ነበር። ዓርብ ዕለት የመዝገበ ዕውቀቱ አዘጋጆች ሰለቻቸውና ገጹን «እሳቸው» ላይ ቆለፉት። አሸነፍን!

እሑድ ሚኒስትሩ እናታቸው ቤት ምሳ ይዘውኝ ሄዱ። እማማ ብርቄ ድሮ በር ሲከፍቱላቸው «ና ግባ፣ አንተ ወስላታ!» ነበር የሚሏቸው። አሁን ግን ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «ይግቡ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አሉ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። አንተ በይኝ።»

«አን... አን...» እማማ ብርቄ ታገሉ። «አንቱ» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሚኒስትሩ ምግቡን ሳይነኩ ስልካቸውን አወጡና ለአዘጋጆቹ «እሱ ተብሎ ይታረም» ብለው ጻፉ። «ምንጭ» የሚለው ቦታ ላይ «እናቴ» ብለው ሞሉ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ምንጩ ገለልተኛ ስላልሆነ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል።»

እማማ ብርቄ ሳህኑን ወደ ልጃቸው አስጠጉ።

«ይብሉ እንጂ፣ ልጄ። ቀዘቀዘብዎ።»