የሦስተኛው ረድፍ እግር

«አዞ ነው» አሉ አባትየው፣ ከጉልበት በታች የተቆረጠ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አግዳሚው ላይ እየተመቻቹ። «ግን እሱም አልተረፈም። የኔን እግር ሽታ ችሎ የሚያድር አዞ ገና አልተፈለፈለም!»

ተራ የሚጠብቁት ታካሚዎች በሳቅ ፈረሱ። ባለፈው ሲመጡ እግራቸውን የበላው ባቡር ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስጋ ያማረው ጄኔራል። እውነቱ ስኳር ነው። ግን ስኳር ነው ቢሉት ማን ይስቃል?

እግር ሠሪው ልጃቸው አልሳቀም፤ ጊዜ የለውም። በዚያ ወርክሾፕ እንደሱ ፈጣን ሰው አልታየም። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ዳቦ እየጋገረ ያወጣል። ባልደረቦቹ ሲያሙት፣ መቶ እግር ያላት ትል መቶውንም አጥታ ብትመጣ በሳምንት ሙሉ ትዕዛዟን ያስረክባታል ይላሉ።

ምስጢሩ ሰሌዳው ነው። ስለ ሥራ ቅደም ተከተል የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ዕለት ግድግዳውን ሦስት ቦታ ከፈለው፦ «አሁን»፣ «ዛሬ»፣ «ይደርሳል»። የየታካሚው ካርድ እዚያ ይሰካል። የሚጮህ፣ የሚያለቅስ፣ አለቃ ዘንድ ሄዶ የሚከስ ሁሉ «አሁን» ላይ ይወጣል። በዚህ አሠራር የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ አራት ጊዜ ተሸልሟል።

የአባቱ ካርድ «ይደርሳል» ላይ አሥራ አራት ወር ተሰክቶ ከረመ። የራስ ሰው አይከስም፤ ቢጮህም ቤት ውስጥ ነው። ደግሞ አባቱን ቢያስቀድም የሰው ምላስ ያስቀምጠዋል?

«አባባ፣ ይነሡ እስኪ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ዓሣ ሳጠምድ ነበር።»

ዛሬ ከሌላው የቀደሙት በሰኞ ምክንያት ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዘበኛ ይፈልጋል። ዳይሬክተሯ «ሰኞ ጠዋት በሁለት እግርዎ ቆመው ከመጡ በሩ የእርስዎ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አለ» ብላቸዋለች። ይህን የሰማው ልጃቸው ባለፈው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ አባቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ልካቸውን ወስዶ፣ ትናንት ከሰዓት ሌላውን ሥራ ሁሉ ገፍቶ እግሩን ጨረሰው።

እግሩ እንደ ሙዝና ልጣጩ ልክክ አለ። አባትየው ዓመት ከምናምን በካርቶን ያስቀመጡት የግራ ጫማም ተጠለቀለት። የልምምድ ባለሙያዋ በአንድ ጎን፣ ልጅየው በሌላው ሆነው በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መሃል አቆሟቸው።

ቆሙ። ማለት አንደኛው እግራቸው ቆመ።

«ጉልበትዎን ይዘርጉት አባ» አለች ባለሙያዋ።

«ዘርግቼዋለሁ።»

«አልተዘረጋም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሌላ ጉልበት ደብቄ የመጣሁ መሰለሽ?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ ጭናቸውን፣ በሌላው ቅልጥማቸውን ይዛ ጫን አለች። አባትየው ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ ጉልበቱ ንቅንቅ አላለም። ወንበር ላይ ሊቀመጥ እንደጀመረ ሰው ጉልበት እንደታጠፈ ቀረ።

ቀና ብላ ልጅየውን በዓይኗ ጠራችው። «ጉልበታቸው ደርቋል» አለችው ድምጿን ቀንሳ። «ስንት ጊዜ ነው ቁጭ ብለው የከረሙት?»

«አሥራ አራት ወር።»

«እግዚኦ! በሦስተኛው በአራተኛው ወር ቢመጡልኝ እኮ በልምምድ እመልሰው ነበር። አሁን ያለ ቀዶ ጥገና የሚሆን አይመስለኝም። ማነው እስከ ዛሬ ያቆያቸው?»

ልጅየው የጋዋኑን ቁልፍ ይቆልፍ ጀመር፤ የተቆለፈውን።

«ለሰኞስ?» አላት።

ባለሙያዋ ሰካራም መንገድ የጠየቃት ያህል አየችው።

«ኧረ እኛስ ዛሬ ይደርሰናል?» ብሎ ጮኸ ከአግዳሚው አንድ ባለ ክራንች።

«ዝም በል አንተ!» አሉ አባትየው በሁለት ክንዳቸው እንደተንጠለጠሉ። «ልጄ ሥራ ላይ ነው። እሱ እንዳንተ ሲያዛጋ የሚውል አይደለም፤ አራት ጊዜ ተሸልሟል። እግር ሲሠራ ያየኸው እንደሆነ የራስህን ደህናውን እግር ትጠላዋለህ!»

ሰውየው እጁን አፉ ላይ ጫነ። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞር ማለት ፈለጉ፤ ግን መደገፊያውን መልቀቅ ስላልቻሉ ተዉት። ወደ ታችም ማየት አልደፈሩም፤ ቢያዩ የሚወድቁ መሰላቸው። የፕላስቲክ እግር ደግሞ መሬት ይርገጥ አይርገጥ ለባለቤቱ አይናገርም።

«ልጄ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸውን ለአግዳሚው እንዳይሰማ አድርገው። «ነካ?»

እግር ሠሪው ከአባቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ነካ ወይ? ንገረኝ እንጂ።»

አገጫቸውን ከፍ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ፊት ለፊት የወርክሾፑን በር ያያሉ፤ በሩን ሕፃናት የሞሉት ይመስል። ልጅየው መዳፉን ዘርግቶ በጫማው ሶልና በሲሚንቶው መሃል ሰደደው። ጣቶቹ አለፉ። አንጓው አለፈ። እስከ ክርኑ ገባ፤ ምንም አልነካውም።