ጋሽ ሕሩይ ሻንሲውን ለምን ቆረጡት?

የምናሉ ሚስት ሳሌም ከሞተች ዘጠኝ ወሯ ነው።

"አባዬ፣ ባይ! ጋሽዬ ጋ ነኝ!"

ሔርሜላ መልስ ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ በረረች...

አባቷ ምናሉ የፀጉር ማበጠሪያዋን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ልጁ ስድስት ዓመቷ ነው። ሚስቱ ትታለት የሄደችው እሷን ብቻ ነው።

ጎረቤታቸው ጋሽ ሕሩይ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በስደት ከተማቸው፣ ሃቫና ስትሪት ከሚባለው መንገድ ጀርባ፣ አጥር ለአጥር ነው የሚኖሩት። ጋራዣቸው ውስጥ ሰላሳ ዓመት ተመኝተው የገዟት የ1951 ሸቭሮሌ ፒክአፕ አለቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቷን ዝቅ ሊያደርጉ ይለፋሉ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መሬት ሊነኩ እንደደረሱት፣ ሆት ሮድ እንደሚባሉት ያጌጡ አሮጌ መኪኖች...

ሔርሜላ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ አንዴም ስቃ አታውቅም።

እዚያ ግን ሳቋ አጥር ተሻግሮ ይሰማል!

ምናሉ ቀናባቸው።

"ጋሽዬ ፓስታ ላይ ኬቻፕ ያደርጋሉ" አለችው አንድ ቀን። ሮጦ ኬቻፕ ገዛ። አልበላችም...

ባለፈው ወር ሽማግሌው በአጥሩ በኩል ጠርተውት ነበር።

"ምናሉ፣ በያጅ ነህ አሉ። ፒክአፗ ፊቷ ዝቅ እንድትል የፊቱን ባሌስትራ ብረት ልቀንስ ነው፣ ና እስቲ እይልኝ።"

"እኛ አገር ባሌስትራ ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል እንዴ፣ ጋሼ?"

"እዚህ የሚያምረው ዝቅ ያለው ነው፣ ምን ላድርግ!"

"እኔ ብየዳ ትቻለሁ።"

እውነቱን ነው። የብየዳ ጭንብሉን የገዛችለት ሳሌም ነበረች። ከቀብሯ ወዲህ አልነካውም። አሁን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል።

ዛሬ ግን ሳቁ በዛበት። ማበጠሪያውን እንደያዘ ሄደ።

ፒክአፗ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ተሰቅላለች። ሔርሜላ ተንበርክካ ባትሪ ታበራለች።

ምናሉ ጎንበስ ብሎ አየ...

ሻንሲው፣ መኪናዋን የሚሸከመው ብረት፣ ግራና ቀኙ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጧል!

ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው!

"ገደሏት" አለ በሆዱ። "ልጄ የምታመልካቸው ሰውዬ መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ገደሏት..."

ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ጋሽ ሕሩይ፣ ማን ቁረጡ አለዎት? ከባሌስትራው ሁለት ሦስት ቅጠል ብረት ቢያወጡ ይበቃ ነበር እኮ! አሁን ካልተበየደች ከዚህ ንቅንቅ አትልም!"

"አውቃለሁ።"

"እያወቁ?!"

ሽማግሌው ወደ ሔርሜላ ዞሩ። "ንገሪው።"

"ኖ! ጋሽዬ ይንገሩት።"

"እሺ... መጀመሪያ የመጣች ቀን 'የተሰበረ ነገር አለዎት?' አለችኝ። 'ለምን?' ስላት፣ 'አባዬ የተሰበረ ብረት ካየ ዝም አይልም። ይበይዳል። ሲበይድ ደግሞ ያፏጫል' አለች። እኔ ቤት የተሰበረ ነገር ጠፋ! ጠራሁህ፣ እምቢ አልክ። ስለዚህ ቆረጥኩት።"

ምናሉ የተቆረጠውን ብረት በጣቱ ዳሰሰ።

"ሰላሳ ዓመት የተመኟትን መኪና...?"

"ብረት ናት እኮ፣ ልጄ።"

"እና... እዚህ ስትመጣ የሚያስቃት ምንድን ነው?"

"እኔ ነኛ! ያንተን ፉጨት እያስተማረችኝ ነው። ጥርስ የለኝም፣ አየር ብቻ ነው የሚወጣው!"

ሔርሜላ በሳቅ ፈረሰች።

ምናሉ ተነሳ። ቤቱ ሄደ። ጭንብሉን ከአልጋ ስር ጎትቶ አወጣ። አቧራውን በሸሚዙ ጠረገ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱንም ጎን በየደው።

ቀኑን የጨረሰው የፒክአፗ በር መርገጫ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የልጁን ፀጉር እያበጠረ ነው... እያፏጨ።

ወዳጆቼ... ልጄን፣ ወዳጄን፣ ቦታዬን ነጠቀኝ ብለን የምንቀናበት ሰው፣ አንዳንዴ ለእኛው ሲል የሚወደውን ቆርጦ እየጠበቀን ይሆናል። ከመቆጣታችን በፊት ለምን ብለን እንጠይቅ።

እናንተስ? ስትቀኑበት ኖራችሁ፣ በኋላ ግን ለእናንተ ሲለፋ እንደነበር ያወቃችሁት ሰው ማነው? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉልን...