የመልአክ መለከት

ችግኝ ሻጩ «የመልአክ መለከት» ብሎ የሸጠላትን አበባ እታገኝ ደጃፏ ላይ ተክላ ስድስት ዓመት ተንከባከበችው። ነጫጭ አበቦቹ አመሻሹ ላይ ሲፈኩ ሽታቸው ሰፈሩን ያውደው ነበር። ባሏን ደምሰውን ሳል ሲያስጨንቀው፣ «የመልአክ ነገር ምን ይጎዳል» ብላ ቅጠሉን አፍልታ አጠጣችው።

ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ፈጦ ይቀባዥር ጀመር። ሐኪም ቤት ስታደርሰው ዶክተሩ ይዛ የመጣችውን ቅጠል አገላብጦ አየና፣ «ይሄማ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ መርዝ ነው። ቶሎ ባያመጧቸው ይሞቱ ነበር» አላት።

በሦስተኛው ቀን ደምሰው ልቡ ተመለሰ።

«ስቀባዥር ምን ተናገርኩ?» አላት።

«ምንም» አለችው።

ሁለት ቀን ሙሉ «ሊያ፣ ናሆም፣ አባታችሁ ነኝ፣ በሩን ክፈቱልኝ» ሲል ነበር የሰነበተው። በሃያ ዓመት ትዳራቸው እታገኝ አንድም ልጅ አልወለደችም።