የቅጠሉ ውሃ

ውሻው ገንዳው ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጌታው በግራ ክንዱ ከሆዱ ሥር ደግፎ፣ በቀኝ እጁ አንገቱን ሲይዘው፣ አማቱ ቀቅለው ያቀዘቀዙትን የቅጠል ውሃ በጣሳ እየቀዱ ፀጉሩ የተመለጠ ጀርባው ላይ ያፈሱ ነበር። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ቃላቸውም አንድ ነበር፤ የቆዳ አለርጂው በቅጠሉ ካልለቀቀው ውሻው ከግቢው ይወጣል። ሚስቱ ከበሩ ውጭ ሆና፣ “አደራህን፣ እማዬን እንዳትከራከራት” ብላዋለች።

“እማማ፣ ቆዳው ቀላ እኮ” አለ።

“ይቅላ! ቅጠሉ የውስጡን እያወጣው ነው። አንተ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ካላየህ አታምንም!”

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚውል ዓይኑ ግን ያየውን አይቷል። ቅላቱ የሚጀምረው ውሃው ከነካበት ነበር፤ የሚያበቃውም ውሃው በቆመበት። ከዚያ የገዛ ክንዱን አየ። ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ቀልቶ አባብጧል፤ ከክርኑ በላይ፣ ውሃው ያልደረሰበት ቆዳ ደህና ነበር። እንዳያክከው ሁለቱም እጆቹ ውሻውን ይዘዋል፤ ከለቀቀው ዘሎ ይወጣል፤ አንዴ ከገንዳው ከወጣ ደግሞ ከግቢውም መውጣቱ ነው።

ውሻውን ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮ ግራ ክንዱን አማቱ ፊት ዘረጋ። “እማማ፣ እስቲ ይዩልኝ። እኔም እየዳንኩ ይሆን?”

አማቱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስበው፣ አገላብጠው አዩት።

“ይኸው!” አሉ ፊታቸው በርቶ። “አንተም ውስጥ በሽታው ነበረ ማለት ነው፣ ልጄ።”

ጣሳውን ሞልተው ቀኝ ክንዱ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ።